ለምን ዘገየህ?

ውድ የሕግ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት አጭር ሐረግ ነው። የአፍሪካ የሰዎችና ሕዝቦች መብቶች ቻርተር፣ አንቀጽ 56፣ ንዑስ አንቀጽ 6 ላይ ትገኛለች። አቤቱታ የአገር ውስጥ መፍትሔ ከተሟጠጠ፣ ማለትም በአገር ፍርድ ቤቶች ያለው መንገድ ካለቀ በኋላ «በምክንያታዊ ጊዜ» ይቅረብ ትላለች። ስንት ወር? ስንት ዓመት? ቻርተሩ አይነግረንም።

እኛ የለመድነው ይርጋን፣ ክስ የሚቀርብበትን ቁርጥ ያለ የጊዜ ገደብ ነው። ቀኑ ካለፈ አለቀ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም ቁርጥ ያለ ቀን አለው። ድሮ ስድስት ወር ነበር፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ አራት ወር ሆኗል። አሩሻ፣ ታንዛኒያ ያለው የአፍሪካ የሰዎችና ሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ግን በሌላ መንገድ ሄደ።

መንገዱ በደንብ የታየው በጋዜጠኛ ኖርበርት ዞንጎ ጉዳይ ነው። ዞንጎ በታኅሣሥ 1998 እ.ኤ.አ. ከሦስት ሰዎች ጋር በቡርኪና ፋሶ ተገደለ። በአገሩ ፍርድ ቤት ጉዳዩ በ2006 ተዘጋ። አቤቱታው አሩሻ የደረሰው በ2011 መጨረሻ ነው፤ አምስት ዓመት አልፎ። ፍርድ ቤቱ ግን በሩን አልዘጋም። ምክንያታዊነት በየጉዳዩ ሁኔታ ይመዘናል አለ። በ2014 ደግሞ አገሪቱ መብት ጥሳለች ብሎ ፈረደ። ቁርጥ ያለ ቀን ቢኖር ኖሮ ያ ፍርድ ባልተሰጠ ነበር። ለዚህ ነው ሐረጓን የምወዳት።

ግን አትዘናጉ። የምነግራችሁ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው።

ከታንዛኒያ እስር ቤቶች የመጡ ሁለት አቤቱታዎችን ጎን ለጎን አንብቡ። አንዱ የቀረበው ከአምስት ዓመት ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ነው። ተቀባይነት አገኘ። ሌላው ከአምስት ዓመት ከአራት ወር በኋላ ቀረበ። በ2019 ውድቅ ሆነ። ልዩነቱ ሦስት ወር ነው ብላችሁ እንዳትሄዱ! በመጀመሪያው ሰውየው እስረኛ፣ ድሃና ያልተማረ መሆኑ ተመዝኖለታል። በሁለተኛው አመልካቾቹ እስረኞች ቢሆኑም ለምን እንደዘገዩ አላስረዱም። እስር ብቻውን አልበቃቸውም።

ለእኛ አገር ሰውስ? ኢትዮጵያ የአሩሻውን ፍርድ ቤት ያቋቋመውን ፕሮቶኮል አላጸደቀችም። ቻርተሩን ግን አጽድቃለች። ስለዚህ በራችን ባንጁል፣ ጋምቢያ ያለው የአፍሪካ የሰዎችና ሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ነው፤ እዚያም የምትሠራው ይችው ሐረግ ናት። ኮሚሽኑ ደግሞ ጠበቅ ይላል። ከዚምባብዌ ተሰዶ የወጣ አንድ የቀድሞ ዳኛ ከ22 ወራት በኋላ ቢያመለክት፣ ያቀረበውን ምክንያት አልተቀበለለትም።

እና ምን እናድርግ? ደንበኛችሁ የሰበር ውሳኔ ባገኘበት ቀን ቀኑን ጻፉ። የውሳኔ ግልባጭ ስትጠይቁ የጠየቃችሁበትንና የተሰጣችሁን ቀን ጻፉ። ታሞ ከሆነ የሐኪም ወረቀት፣ ታስሮ ከሆነ የመግቢያና የመፍቻ ማስረጃ ያዙ። አቤቱታው ውስጥም «ለምን ዘገየሁ» የሚል አንድ ሙሉ ክፍል ይኑር፤ መንግሥት እስኪቃወም አትጠብቁ። ልጁ የሞተበት አባት ሰነድ መሰብሰብ ትዝ አይለውም። ያ የእኛ ሥራ ነው።

አመሰግናለሁ።