ከ42 ጥቅል 10 የቀረው ፊልም

ክቡራትና ክቡራን፣ የፊልም ወዳጆች፤

ዛሬ ማታ የምናየው ድምፅ አልባ ፊልም «ግሪድ»፣ በእኛው አፍ «ስግብግብነት»፣ በዲሴምበር 1924 ኒው ዮርክ ላይ ሲታይ ትወናውን ያደነቁ ባይጠፉም፣ ብዙዎቹ ሃያሲዎች «ጨለማ ነው፣ ያስጠላል» አሉት። ስቱዲዮውም ያወጣውን ገንዘብ አልመለሰም። ያ ፍርድ ግን የወረደው በተቆራረጠው ቅጂ ላይ ነው።

ዳይሬክተሩ ኤሪክ ፎን ስትሮሃይም የፍራንክ ኖሪስን «ማክቲግ» ልብ ወለድ በ1923 ሲቀርጽ ሳን ፍራንሲስኮ ወርዶ በእውነተኛ ቤቶች ውስጥ ሠራ። ለመደምደሚያው ተዋንያኑን በበጋ ወደ ዴዝ ቫሊ በረሃ ወሰዳቸው፤ ከሙቀቱ የተነሣ ዣን ኸርሾልት ሆስፒታል ገባ።

የመጀመሪያው ቅጂ ወደ 42 የፊልም ጥቅል ነበር፤ እያንዳንዱ ጥቅል ከ10 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። ስትሮሃይም ራሱ ወደ 24 አወረደው፤ ወዳጁ ሬክስ ኢንግራም ደግሞ ከአርታኢው ጋር ሆኖ ወደ 18። በመካከሉ፣ በኤፕሪል 1924፣ ኤምጂኤም የተባለው የፊልም ኩባንያ ተመሠረተ፤ አዲሶቹ አለቆችም በ10 አስቀሩት። የተቆረጠው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ጉዳቱ ከርዝመቱ ይልቅ በሚዛኑ ላይ ነው። ዋናዎቹ ባልና ሚስት፣ የጥርስ ሐኪሙ ማክቲግና 5,000 ዶላር ሎተሪ የደረሳት ትሪና፣ በልብ ወለዱ ውስጥ ብቻቸውን አይደሉም። ቁራሌው ዜርኮው ማሪያን የሚያገባት ስለ ወርቅ ሳህኖች በምታወራው ወሬ ሰክሮ ነው። በሌላ በኩል ሽማግሌው ግራኒስና ሚስ ቤከር አሉ፤ በስስ ግድግዳ ተለያይተው በዝምታ የሚዋደዱ ጎረቤታሞች። ብርሃኑ ከእነዚህ ሁለቱ ነበር የሚመጣው። እነሱ ሲወጡ ጨለማው ብቻ ቀረ፤ ሃያሲውም ጨለማ ነው አለ! ታሪኩ የተበጠሰበትን ደግሞ በጽሑፍ ካርድ፣ በትዕይንቶች መካከል በሚነበበው ጽሑፍ፣ ጣፉት። ረጅም ካርድ መጥቶ ዘመን ሲዘል ካያችሁ፣ መቀስ እዚያ አልፏል።

ስለ ፍጥነቱም አንድ ነገር ልበል። አንድ ሙሉ ጥቅል 1,000 ጫማ፣ ማለትም 16,000 ምስል ነው። በሴኮንድ 20 ምስል ሲሄድ 13 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ይፈጃል፤ በድምፅ ፊልም ልማድ በ24 ከለቀቁት 11 ደቂቃ ገደማ። በ10 ጥቅል 22 ደቂቃ ይጠፋል፤ ሰዎቹም እየተጣደፉ ይራመዳሉ፣ የሚያስለቅሰው ትዕይንት ያስቃል። ስለዚህ ዛሬ በ20 እናሳያለን።

በ1999 የጠፉትን ትዕይንቶች በቆሙ ፎቶግራፎች ተክተው ወደ 4 ሰዓት የሚጠጋ ቅጂ አዘጋጅተዋል። እኛ ግን 1924 ላይ ሕዝብ ያየውን መርጠናል፤ በዚያም ውስጥ የስትሮሃይም እጅ አልጠፋምና። ሙሽሮቹ ቄሱ ፊት ሲቆሙ ዓይናችሁን ከኋላቸው ወዳለው መስኮት ላኩ። በመንገዱ ላይ የቀብር ሰልፍ ያልፋል።