«አቤት»፦ በጣና ዳር የአስፈሪ ፊልም ፖስተር ስሠራ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ይህን ክፍል የምቀዳው ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም በማትርቅ የሥራ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ላለፉት ሁለት ወራት እንቅልፍ ስለነሣኝ አንድ ሥራ ነው። ጓደኞቼ አጭር አስፈሪ ፊልም ሠርተው ፖስተሩን እኔ እንዳዘጋጅላቸው ጠየቁኝ፤ የፊልሙም ርእስ «አቤት» ይባላል።

ርእሱ የተወሰደው ብዙዎቻችን በልጅነታችን ከሰማነው ማስጠንቀቂያ ነው። አያቴ፣ ማታ ከውኃው ወገን ስሜን የሚጠራ ድምፅ ብሰማ፣ ጥሪው ሦስት ጊዜ እስኪደገም ድረስ «አቤት» እንዳልል አጥብቀው ይነግሩኝ ነበር፤ አንዴ ወይም ሁለቴ ጠርቶ ዝም የሚለው ሰው አይደለም ይሉ ነበር። በፊልሙ ውስጥም አንድ ወጣት ዓሣ አጥማጅ በታንኳው ላይ ሳለ በእናቱ ድምፅ ይጠራል። የጠራችው በእርግጥ እናቱ መሆን አለመሆኗ የሚታወቀው በመጨረሻው ትዕይንት ስለሆነ፣ ከዚህ በላይ አልናገርም።

የአስፈሪ ፊልም ፖስተር በዓለም ሁሉ የታወቀ ልማድ አለው። የገጹ አብዛኛው ክፍል ጨለማ ይሆናል፤ ብርሃኑ ከአንድ ቦታ ብቻ ይመጣል፤ ፊት ካለ ግማሹ ይሸፈናል፤ ርእሱ በቀይ ቀለም፣ የተሰነጠቀ ወይም ደም የሚያንጠባጥብ በሚመስል ፊደል ይጻፋል። ይህን ልማድ የሚንቁ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ ግን አልንቀውም። በባጃጅ የሚያልፍ ሰው ፖስተሩን የሚያየው ለሁለትና ለሦስት ሰከንድ ነውና፣ አስቀድሞ በሚያውቀው ምልክት ካላናገርነው የፊልሙን ዓይነት እንኳ ሳይለይ ያልፋል። የተቸገርሁት ልማዱን ወደ ጣና ዳር ሳመጣው ነው።

መጀመሪያ ያሰብሁት እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን የ«ጆውስ» ፊልም ፖስተር ነበር። ሠዓሊው ሮጀር ካስቴል አንዲት ሴት በውኃው ገጽ ላይ ስትዋኝ፣ ከሥሯ ደግሞ አፉን የከፈተ ግዙፍ ሻርክ ወደ ላይ ሲወጣ ሥሏል፤ ተመልካቹ ዋናተኛዋ የማታየውን ያያል፤ የፍርሃቱም ምንጭ ይኸው ነው። እኔም ታንኳውን ከላይ፣ የሚጠራውን ነገር ከታች አድርጌ ነደፍሁት፤ ንድፉ ግን ሐሰት ሆነብኝ። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አያልፍም፤ በክረምት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ጭቃ ተሸክመው ሲገቡበት፣ እጃችሁን ብታጠልቁ ጣቶቻችሁን አታዩም። የጣና ዳር ልጅ ውኃን የሚፈራው ከሥሩ ያለውን ስላየ ሳይሆን ማየት ስለማይችል ነው። ስለዚህ የውኃውን ሆድ ትቼ ገጹን ብቻ አስቀረሁ፤ ሰው የሌለበት አንድ የደንገል ታንኳ፣ መቅዘፊያው በላዩ ላይ ተጋድሞ፣ የገጹን ሁለት ሦስተኛ በሸፈነ የደፈረሰ ጨለማ መካከል ይታያል።

ከዚያ የፊቱ ጉዳይ መጣ፤ ይህ ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አዘጋጁ የእናቲቱ ፊት እንዲኖር ስለፈለገ፣ በዘውጉ ልማድ መሠረት ፊቷን በጎን በኩል፣ አንድ ዓይኗ ብቻ እየታየ፣ ከታንኳው በላይ ከጨለማው እንዲወጣ አድርጌ ሠራሁት። በጣም ወድጄው ነበር። ንድፉን ለጎረቤታችን ለመሪጌታ ባሳየኋቸው ጊዜ ግን ጥቂት አዩትና፣ «ልጄ፣ ይህችን ሴት ለምን ኮነንካት?» አሉኝ።

ወዲያው ገባኝ። በቤተ ክርስቲያናችን የሥዕል ሥርዓት ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ አጋንንትና ክፉዎች ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግሮ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የመቅደስ ግድግዳ ያየ ሰው፣ ማንበብ ባይችል እንኳ፣ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ከዓይናቸው ቁጥር ይለያል። እኔም ያደግሁት በእነዚህ ሥዕሎች ፊት ነው፤ ሆኖም ኮምፒውተሬ ፊት ስቀመጥ ረሳኋቸው። ሌላ አገር ያለ ተመልካች ግማሽ ፊት ሲያይ ምስጢር አለ ብሎ ይጠብቃል፤ የእኛ ሰው ግን ፍርዱን አንብቦ ይጨርሳል፤ ፊልሙ እስከ መጨረሻው የደበቀውን እኔ በግድግዳ ላይ ልለጥፈው ነበር። አዘጋጁም ነገሩን ስነግረው ፊቱ እንዲወጣ ተስማማ። ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ነገር ላንሣ፤ ከጀርባ የገዳም ጉልላትና መስቀል እንዲታይ የጠየቀ ነበር፣ የውጭ አስፈሪ ፊልሞችም መስቀልን አዘውትረው ያሳያሉና። እኔ ግን ሰው ለበረከት የሚሳለመውን ነገር ለማስፈራሪያ ማዋል ስለከበደኝ አልተቀበልሁትም።

የፊደሉ ነገር ደግሞ ብዙ ቀን ወሰደብኝ። የላቲን ፊደል ሲሰነጠቅም ሲያንጠባጥብም ይነበባል፤ የእኛ ፊደል ግን ድምፁን የሚለየው በትናንሽ ቅጥያዎች ነው። የ«ቤ»ን ቀለበት ስሰብረው ኃምሱ ሣልስ ሆኖ «ቢ» ይባላል፤ የ«ት» ትንሽ እጥፋት ስትጠፋ «ተ» ትሆናለች፤ ከ«አ» ቀኝ እግር ደም ላንጠባጥብ ብል እግሩ ይረዝምና «ኣ» ይሆናል። በመጀመሪያው ሙከራዬ ርእሱ «ኣቢተ» ተብሎ ይነበብ ነበር። በመጨረሻ ቅጥያዎቹን ሳልነካ፣ ፊደሎቹን በብርዕ ጽፌ የታችኛው ጫፋቸው ብቻ በውኃ እንደራሰ ወረቀት እንዲፈስ አደረግሁ።

ቀዩንም ቀለም ተውሁት። የመጀመሪያውን ናሙና በ42 በ59.4 ሴንቲ ሜትር ወረቀት አሳትሜ፣ አመሻሽ ላይ ከዘንባባዎቹ ሥር ባለ አጥር ላይ ሰቅዬ ከመንገዱ ማዶ አየሁት። ርእሱ ጠፍቷል። ብርሃን ሲቀንስ ዓይናችን ቀዩን ቀድሞ ያጣዋል፣ ሰማያዊና አረንጓዴው ግን ይቆያሉ፤ ክስተቱም ባጠናው በቼኩ ሊቅ በፑርኪንዬ ስም ይጠራል። የባሕር ዳር ሰው ደግሞ ለሽርሽር የሚወጣው በዚያ ሰዓት ነው። ስለዚህ ርእሱን ወደ ነጣ ያለ ሰማያዊ ቀየርሁት፤ ጨረቃ በውኃ ላይ ስታርፍ የሚታየውን ዓይነት። በዚያው ናሙና ጥቁሩ አመድ መስሎ ወጥቶ ነበር፤ በጥቁር ቀለም ብቻ የታተመ ሰፊ ገጽ ጥልቀት የለውምና። በሁለተኛው ሙከራ ከ100 እጅ ጥቁር ጋር 60 እጅ ሳያን የሚባለው የማተሚያ ሰማያዊ፣ 40 እጅ ማጀንታ የሚባለው ወደ ሐምራዊ ያደላ ቀይና 40 እጅ ቢጫ ሲጨመርበት ጨለማው ጨለማ ሆነ።

የቀረው የማስጠንቀቂያው መስመር ቦታ ነበር፤ «ሦስት ጊዜ እስኪጠራህ ጠብቅ» ይላል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው መስመር ከርእሱ ሥር ይገባል፤ እኔ ግን ከላይ፣ ከታንኳው በፊት አስቀመጥሁት፤ ርእሱን ደግሞ ከገጹ ግርጌ። ምክንያቴም ርእሱ ራሱ መልስ መሆኑ ነው፤ ፖስተሩን ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ሁሉ «አቤት» ማለቱ አይቀርም፤ ታዲያ ሳይጠነቀቅ እንዳይመልስ፣ ማስጠንቀቂያው ሊቀድምለት ይገባል ብዬ ነው።

ትናንት ማታ የታተመውን ይዤ ወደ ቤት ሄድሁ። እናቴ መነጽራቸውን አድርገው፣ እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የላይኛውን መስመር አነበቡ፤ ከዚያ ጣታቸው በታንኳው ላይ ወርዶ ርእሱ ዘንድ ሲደርስ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ወረቀቱን ቀስ ብለው ጠቅልለው ሰጡኝና በሐይቁ በኩል ያለውን መስኮት ዘጉት።