ጣሪያ ላይ የወደቀው ጣዖት

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የስዕል ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ዛሬ አንድ ጣሪያ ላሳያችሁ ነው የመጣሁት። ያለው ቫቲካን ውስጥ ነው። የሚኬላንጄሎው ግን አይደለም፤ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሠዓሊው ራፋኤልና ደቀ መዛሙርቱ ከሳሉባቸው፣ የራፋኤል ክፍሎች ከሚባሉት አራት ክፍሎች ትልቁ ውስጥ ነው፤ የቆስጠንጢኖስ አዳራሽ ይባላል። ብዙ ሰው ግድግዳውን ብቻ አይቶ ይወጣል። አይፈረድበትም፤ ግድግዳው ላይ ጦርነት አለ፣ ፈረስ አለ፣ ንጉሥ አለ።

ንጉሡ ቆስጠንጢኖስ ለእኛም እንግዳ አይደለም። መስቀሉን ያስቆፈረችው የንግሥት እሌኒ ልጅ ነው፤ ደመራ በደመርን ቁጥር የእናቱ ስም ይነሳል። እዚያ የተሳለው በ312 ሮም አጠገብ ሚልቪዮ ድልድይ ላይ የዙፋን ተቀናቃኙን ማክሴንትዮስን ድል ሲያደርግ ነው። ራፋኤል ሥራውን ሳይጨርስ በ1520 ሞተ። ጁልዮ ሮማኖና ሌሎች ደቀ መዛሙርቱ በ1524 ጨረሱት።

ያኔ ጣሪያው እንጨት ነበር። በ1582 ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 13ኛ አዲሱን ጣሪያ እንዲስል ለሲሲሊያዊው ቶማሶ ላውሬቲ ሰጡት። በዚያው ዓመት እኛ «የፈረንጅ» የምንለውን አቆጣጠር ያወጁትም እሳቸው ናቸው። ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በእሳቸው ነው፣ ይቅርታ። ሥራው በ1585 ሲያልቅ እሳቸው ሞተው ሲክስቶስ 5ኛ ተተክተው ነበር።

የመሐለኛው ስዕል «የክርስትና ድል» ይባላል። ድል ሲባል ሰይፍ፣ መላእክት፣ ጭስ ትጠብቃላችሁ። እዚህ ግን ሰው የሚባል ዝር አላለም። ባዶ የእምነበረድ አዳራሽ ነው። መሐሉ ላይ፣ ከፍ ባለ መቆሚያ፣ ስቅለት ያለበት መስቀል ቆሟል። ከሥሩ የጣዖት ሐውልት ተሰባብሮ ወድቋል። ሜርኩሪ ነው ይባላል፣ የሮማውያን የንግድ አምላክ። ጭንቅላቱ ለብቻው፣ ገላው ለብቻው። ማን ሰበረው? መዶሻ የያዘ የለም። ሰባሪዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው፣ በሩን ዘግተው የሄዱ ይመስላል። እኔን የሚይዘኝ ይሄ ጸጥታ ነው። ጎን ካለው የፈረስ ግርግር ሁሉ ይበልጥብኛል።

ደግሞ የወለሉን መስመሮች እዩ። እየጠበቡ፣ ዓይናችሁን ይዘው ወደ ውስጥ ይገባሉ። አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ ጣሪያ ላይ የምታዩት እኮ ወለል ነው!

ላውሬቲ ታዲያ የጣዖት ጠላት ነበር? አይመስለኝም። ከዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ቦሎኛ ከተማ አደባባይ ያለውን የኔፕቱን ፋውንቴን የነደፈው እሱ ነው። የባሕሩ አምላክ ራቁቱን፣ ባለ ሦስት ጣት ጦሩን ይዞ፣ ከላይ ተገትሯል። የነሐሱን ሐውልት የሠራው ቀራጺው ጃምቦሎኛ ነው። ቦሎኛ ያን ጊዜ በጳጳሱ ግዛት ውስጥ ነበረች። እንግዲህ ያው ቤተ ክህነት አንዴ ጣዖት አቁም አለው፣ አንዴ ደግሞ የተሰበረ ጣዖት ሳል አለው። ሁለቱንም ሠራ። እንጀራ ነው።

ሲክስቶስ ራሳቸውም ቢሆኑ ሁሉን አላፈረሱም። በ1587 ሮም ባለው፣ የጥንቱ ንጉሠ ነገሥት ትራያን ባቆመው ዓምድ ጫፍ ላይ የቅዱስ ጴጥሮስን ሐውልት አስቀመጡ። ዓምዱ፣ በላዩ ከተቀረጸው የአረማዊ ንጉሥ ዘመቻ ጋር፣ እንዳለ ቀረ።

ስለዚህ የወደቀውን ገላ ስታዩ እጁን ልብ በሉ፤ የሠዓሊውን እጅ ማለቴ ነው። ሊያዋርደው የተቀጠረበትን ሐውልት እንዴት ባለ ጥንቃቄ እንደሳለው እዩ። ያ ገላ ከጥንት ቅርጾች የተማረ ሰው ሥራ ነው። እዚያው ቫቲካን ግቢ በ1506 ከመሬት የወጣው ላኦኮዎን የሚባለው የጥንት የእምነበረድ ሐውልት ቆሞ ነበር፤ ሠዓሊዎች እየሄዱ ይገለብጡት ነበር። መምህራቸውን ነው ሰባብረህ ሳል የተባሉት።

የአዳራሹ እድሳት አሥር ዓመት ገደማ ወስዶ በቅርቡ አልቋል። ቀለሙ ጠርቶ ይታያል። በሉ መብራቱን አጥፉልኝና አብረን እንየው።