ሦስተኛው ቀን

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ድምፄ ዝቅ ያለው ልጁ ከግድግዳው ወዲያ ስለተኛ ነው። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ፤ እሱ ከተነሣ ደግሞ ቀረጻው ይቋረጣል፣ አስቀድሜ ይቅርታ።

ስለ ወሊድ ላወራ ነው። ምጡ ላይ ግን ብዙ አልቆይም። ሆድሽ ገፋ ብሎ ከታየ ጀምሮ ሳትጠይቂያት የራሷን ምጥ የማትተርክልሽ ሴት የለችም። እኔም ሰምቼ ሰምቼ፣ የኔው ሲመጣ ዝናውን የማውቀውን ሰው በአካል የተዋወቅሁ ነው የመሰለኝ። ከተባለው ይብሳል፣ ግን ተብሏል። ያልተባለልኝ ሦስተኛው ቀን ነው።

የወሊድ ዕቅድ ነበረኝ። ሁለት ገጽ፣ በኮምፒውተር የተጻፈ። መብራቱ ደብዘዝ ይበል፣ ይኼ ሙዚቃ ይከፈት፣ እትብቱን ባለቤቴ ይቁረጥ... የመጨረሻው መስመር «ልጁ ወዲያው ደረቴ ላይ ይሁንልኝ» ይላል። ከዚያ በታች ወረቀቱ ባዶ ነው። ያኔ ባዶነቱ አልታየኝም። ነገሩ እዚያ ላይ የሚያልቅ መስሎኝ ነበራ!

ሙዚቃውን ገና አንድ ዘፈን ሳይሞላ «አጥፋው!» ብዬ ጮህኩበት፤ እሱን እንለፈው። ከምጡ አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያ ልጅ ለምትጠብቅ ስለሚጠቅም። ሌሊቱን ሙሉ ሳምጥ አድሬ ጠዋት ስደርስ አዋላጇ አየችኝና «ሁለት ሴንቲ ነሽ እህቴ» አለችኝ። ሁለት! ከአሥር! ንዴቱ ከሕመሙ በልጦ አለቀስኩ። ኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ምጡ ገፋ ማለት የሚጀምረው የማህፀን በር 5 ሴንቲሜትር ሲከፈት ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ከሴት ሴት በጣም ስለሚለያይ ይህን ያህል ሰዓት ተብሎ አልተወሰነለትም። ከ5 በኋላ ደግሞ በመጀመሪያ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓት አያልፍም። እንግዲህ እኔ ሌሊቱን ሙሉ ስታገል ያደርኩት ገና መቆጠር ካልጀመረ ነገር ጋር ነበር። ማጽናኛ ይሁን ማስፈራሪያ እናንተው ፍረዱ።

ብቻ ልጁ ወጣ። ደረቴ ላይ አስቀመጡት። እና... አሁን የምላችሁን ለብዙ ወር ለማንም አልተናገርኩም። የጠበቅሁት አልመጣም። ያ ሁሉም የሚያወራው፣ ልብ የሚቀልጥበት ቅጽበት። የተሰማኝ ጨዋነት ነው። አዎ፣ ጨዋነት! ስሙን እንጂ መልኩን የማላውቀው እንግዳ ቤቴ እንደገባ ሆኜ «እንኳን ደህና መጣህ» አልኩት፤ ድምፄ ራሱ የስብሰባ ድምፅ ነበር። ባለቤቴ ያለቅሳል። እኔ የልጁን ጣቶች እቆጥራለሁ፣ እርጥብ ፀጉሩን አያለሁ፣ በልቤ ደግሞ ወላጆቹ መጥተው እስኪወስዱት የያዝኩላቸው ይመስለኛል።

ብዙም ሳይቆይ መንጋጋዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የበረደኝ መስሏቸው ሁለት ብርድ ልብስ ደረቡልኝ፣ ጥርሴ ግን መጋጨቱን አልተወም። ብዙ ሴት ከወለደች በኋላ እንዲህ ትንቀጠቀጣለች፣ በራሱ ጊዜ ይተዋል። ማንም ስላልነገረኝ ግን የምሞት መስሎኝ ነበር። ከዚያ እንግዴ ልጁ አለ፤ እሱም ራሱን ችሎ ይወለዳል። ከዚያ ነርሷ እጇን ሆዴ ላይ አሳረፈች። ማሳረፍ እንኳ አይባልም፣ ሊጥ እንደሚያሽ ሰው ተጫነችኝ። «ወልጃለሁ እኮ!» አልኳት። «ማህፀንሽ ካልጠነከረ ደም ይፈስሻል» አለችኝ፣ እጇን ሳታቆም።

ልክ ነበረች። ልጁ በወጣበት ሰዓት ማህፀን ብቻውን አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ ወደ 100 ግራምና ከዚያም በታች ይወርዳል። ያን ሁሉ የሚሸበሸበው ዝም ብሎ አይደለም። ልጁ በጠባ ቁጥር ሆዴን ቁርጥ ያደርገኝ ነበር። ሲጠባ ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን ይለቀቃል፣ እሱ ወተቱንም ይገፋል፣ ማህፀኑንም ያኮማትራል። በሁለተኛና በሦስተኛ ልጅ ይኼ ቁርጠት ይብሳል፤ እኔ ያነሰው ነው የደረሰኝ ማለት ነው።

መጀመሪያ ሽንት ቤት የሄድኩ ጊዜማ! ስፌት አለኝ፤ ቆሜ በሩን ይዤ፣ ልግባ አልግባ እያልኩ ከራሴ ጋር እደራደራለሁ። አንዲት ነርስ አየችኝና ለብ ያለ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሰጠችኝ። «ስትሸኚ እያፈሰስሽበት» አለችኝ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ከሰማሁት ምክር ሁሉ የዚያችን ያህል የጠቀመኝ የለም። ደሙም እንደ ወር አበባ በአምስት ቀን የሚያበቃ መስሎኝ አንድ እሽግ ሞዴስ ብቻ ነበር የያዝኩት። ከቀይ ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ነጣ ያለ እየሄደ እስከ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

እሺ፣ ሦስተኛው ቀን።

በመጀመሪያው ቀን ሰው ሁሉ አለ፣ ስልኩ አያርፍም። በሁለተኛው ቀን እንቅልፍ ባይኖርም ደስታው ራሱ ይሸከምሻል። በሦስተኛው ቀን ሰው ወደየሥራው ይመለሳል። የቀረው ጣጣ ሁሉ ደግሞ ያን ቀን ተጠራርቶ ይመጣል።

ጠዋት ስነቃ፣ መቼ ተኝቼ ነው የነቃሁት፣ ጡቴ አጋቷል። ማጋት የሚለውን ቃል ለላም ብቻ ነበር የማውቀው። ድንጋይ፣ ያውም ትኩስ ድንጋይ፣ እስከ ብብቴ ድረስ። እስከዚያ ቀን የሚወጣው እንገር ነበር፤ ወፍራም፣ ቢጫ፣ በጠብታ። በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጥቢ ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ነገር መሆኑ ጤና ነው፤ የልጁም ሆድ ትንሽ ነው። እኔ ግን ልጁ ተራበ ብዬ ሁለት ቀን ስጨነቅ ቆይቼ፣ አሁን ወተቱ ባንዴ መጣና ጡቱ ከመወጠሩ የተነሣ መያዝ አቃተው። አፉን ይከፍታል፣ ይንሸራተታል፣ ይጮኻል። ከዚህኛው ወደዚያኛው ሳዘዋውረው ሁለታችንም በወተት ራስን። በኋላ ነው ትንሽ በእጄ አልቤ ጫፉን ማለስለስ እንዳለብኝ የተማርኩት።

በዚያው ቀን የሚመዘንበት ቀጠሮ ነበረው። ሲወለድ 3,200 ግራም የነበረው ልጅ 2,960 ሆነ። መዛኟ ቁጥሩን ጻፈችና ወረቀቱን ሰጠችኝ፣ ምንም አላለችም። እኔ በልቤ አልኩ፤ ልጁን አስርቤዋለሁ። ሌሊት በስልኬ አሰላሁት፣ ሰባት ከግማሽ በመቶ። አብዛኛው ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት ይቀንሳል፤ ወደ 10 በመቶ ሲጠጋ ወይም ሲያልፍ ነው በደንብ የሚመረመረው። ብዙዎቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ የተወለዱበትን ይመልሳሉ። ይህን ለመናገር ስንት ሰከንድ ይፈጃል? አሁን ስናገር ስንት ፈጀብኝ?

ማታ ላይ ካልሲ ጠፋ። አውራ ጣቴን የማታክል ካልሲ። አልጋው ሥር የለችም፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ የለችም። እንባዬ መጣ፤ ከእንባም አልፎ ሲቃ። ባለቤቴ ሮጦ ገባ። «ምን ሆንሽ?»

«ካልሲው!»

«ሌላ አሥር ካልሲ አለው እኮ።»

ትክክል ነበር፤ ያናደደኝም ትክክል መሆኑ ነው። «የቀረችው እኮ ብቻዋን ቀረች» አልኩት። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ነው ያልኩት። ለአንዲት ካልሲ ብቸኝነት ግማሽ ሰዓት አለቀስኩ። እሱ አጠገቤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ የቀረችዋን ካልሲ በእጁ ይዞ፣ ምን እንደሚያደርጋት ግራ ገብቶት ዝም አለ።

ነገሩ ሥርዓት አለው። እንግዴ ልጅ ሕፃኑን መመገብ ብቻ አይደለም ሥራው። በእርግዝና መጨረሻ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉትን ሆርሞኖች በብዛት የሚያመርተው እሱ ነው። እሱ ሲወጣ ፋብሪካው ተነቅሎ ወጣ ማለት ነው፤ ሁለቱም በጥቂት ቀን ውስጥ ያሽቆለቁላሉ። ወተቱን አግዶ የያዘው ፕሮጄስትሮን ነበርና፣ እሱ ሲወርድ ወተቱ ይመጣል። ስሜትን የሚያናውጠውም ይኸው መውረድ ነው ተብሎ ይታሰባል፣ እንቅልፍ ማጣቱ ተጨምሮበት። ጡቴና ካልሲዋ ዘመዳሞች ነበሩ።

አሁን የሚያበሳጨኝን ልናገር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር እናትና ልጅ ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት በጤና ተቋሙ ክትትል ይደረግላቸው፣ ከዚያም ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይታዩ ይላል። የመጀመሪያው መቼ መሰላችሁ? ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ። ሦስተኛው ቀን እኮ ነው! ቀጥሎ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ ከዚያ ስድስተኛው ሳምንት። እናትና ልጅ ነው የሚለው፣ ሁለቱንም። የት እንደወለድኩ አልናገርም፤ ብቻ ለልጁ የሦስተኛ ቀን ቀጠሮ ሰጥተው፣ ለኔ «በስድስት ሳምንት ተመለሺ» አሉኝ። መዛኟ ፊት ቀሚሴ ረጥቦ፣ ዓይኔ አብጦ ተቀምጬ ነበር። ሚዛኑ ላይ የወጣው ልጁ ብቻ ነው።

ይኼ እንባ ብዙ እናቶች ላይ የሚመጣ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይረግባል። ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ልጁ ተኝቶ አንቺ መተኛት ካቃተሽ፣ ምንም ነገር ደስ ካላለሽ፣ ያ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምና አለው፣ ተናገሪ። ራሴን ወይም ልጁን ልጉዳ የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ያንኑ ሰዓት ለሰው ንገሪ፣ ለነገ አትበዪ። ሰውነትም እንዲሁ ነው። ሞዴስሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደም ከጠገበ፣ ትኩሳት ከያዘሽ፣ ብርቱ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ፣ አንድ እግርሽ ብቻውን ካበጠና ካመመሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ «አራስ ስለሆንኩ ነው» ብለሽ አትቀመጪ። ፀጉርሽ ከሦስት ወር በኋላ በእፍኝ ከረገፈ ግን አትደንግጪ፤ ይመለሳል። የኔ እየተመለሰ ነው፣ ግንባሬ ላይ እንደ ጥላ ቆሞ።

ዳና ራፋኤል የምትባል አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1973 ለዚህ ጊዜ ስም አውጥታለታለች፤ ማትረሰንስ። በእንግሊዝኛው ጉርምስና ከሚለው ቃል ጋር ቤት ይመታል። ሰውነት የሚለወጥበት፣ ስሜት የሚዘበራረቅበት፣ ማን እንደሆንሽ የሚጠፋሽ ጊዜ ነው፤ ንጽጽሩ ወድጄዋለሁ። ልዩነቱ ጎረምሳ በሩን ወርውሮ መተኛት መቻሉ ነው።

ጨዋነቱስ? መቼ እንደሄደ አላውቅም። ሕፃናት ሲተኙ ትንፋሻቸው ወጣ ገባ ይላል፤ ፈጠን ፈጠን ይልና ጥቂት ሰከንድ ቆሞ ይቀጥላል። ይህን ሳላውቅ ስንት ሌሊት አልጋው ላይ አጎንብሼ ቆጠርኩ መሰላችሁ። በአምስተኛው ሳምንት ገደማ አንድ ሌሊት እንደዚያው ቆሜ ስቆጥር፣ የራሴንም ትንፋሽ ይዤ እንደምጠብቅ ተገለጠልኝ። የሱ ካልመጣ የኔን አልለቅም። ከስንት ቀን ጀምሮ እንደዚያ ሳደርግ ኖሬያለሁ? አላስተዋልኩም።

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ ወለደች። በመጀመሪያው ቀን ደወልኩ፣ አልሄድኩም። በሁለተኛውም አልሄድኩም፤ ሳትቀየመኝ አልቀረችም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በሩን አንኳኳሁ። ራሷ ከፈተችልኝ። ሸሚዟ በሁለቱም በኩል ረጥቧል፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ በአንድ እጇ የፌስታል ቁራጭ ይዛለች። «መቀሱ ጠፋብኝ» አለችኝና ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ልጁ ከውስጥ ይጮኻል።

ቦርሳዬን አስቀምጬ እጄን ልታጠብ ገባሁ።