ማሰሻ የተቀባ ምጣድ

እንዴት ዋላችሁ ወገኖቼ! ዛሬ ደብረ ማርቆስ ድረስ የጠራችሁኝ ተመራቂ በያጆቻችንን እንድመርቅ ነው፣ እመርቃለሁም፣ ግን መጀመሪያ ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር አለ እሱን ልተንፍሰው።

አልትራሳውንድ ብየዳ እንደምታውቁት እሳት የለውም። ሆርኑ፣ የማሽኑ ተንቀጥቃጭ ጫፍ ማለቴ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 20 ሺህ ጊዜ እየተንቀጠቀጠ ሁለቱን ብረት ተጭኖ ያፋትጋል፣ ብረቱ ከአየር ጋር ሲገናኝ የሚያበቅለው የኦክሳይድ ቆዳ ይሰበርና ሳይቀልጡ ይያያዛሉ። አሉሚኒየምና መዳብን በዚህ የምናጋባው ለዚህ ነው፣ አንዱ በ660 ዲግሪ ሌላው በ1085 የሚቀልጡትን በእሳት ማን ያስማማቸዋል?

እና አንድ ቦታ፣ ስሙን ተዉት፣ የባጃጅ ባትሪ እንገጥም ነበር። ስሱ አሉሚኒየም ከመዳቡ እየተላቀቀ አስቸገረን። አለቃችን መፍትሄው አንድ ነው፣ "የብየዳውን ጊዜ ጨምሩበት!" ጨመርን። ተላቀቀ። "ጫን በሉት!" ጫን አልነው፣ የሆርኑ ጥርስ አሉሚኒየሙን በልቶ እንደ ወረቀት አሳሳው፣ ጠርዙ ላይ ተቀደደ። ኧረ ሲበዛ ማርም ይመራል! የፍትጊያው ሙቀት ሲረዝም እኮ በመሃላቸው እንደ ሸክላ የሚሰበር ውህድ ይፈጠራል፣ ላይ ላዩን ሲያዩት ያምራል፣ ባጃጁ ጉድጓድ ሲመታ ግን ቀጭ!

ምሳ ሰዓት ላይ አንዲት ሰራተኛ በዘይት እጇ የመዳቡን ቁራጭ ስታነሳ አየኋት። የሷ ጥፋት አይደለም፣ ጓንት የሰጣት የለም። እናቶቻችን ምጣዱን በጎመን ዘር የሚያስሱት እንጀራው እንዳይዝ አይደል? እኛ መዳቡን በእጃችን ቅባት አስሰን ያዝልን እያልን እንጮሃለን! ቅባት ካለ ይንሸራተታል፣ ከተንሸራተተ ፍትጊያ የለም፣ ፍትጊያ ከሌለ ብየዳ የለም። አምስት ቁራጭ ወስጄ ቅባት በሚያለቅቀው ፈሳሽ፣ በአሴቶን፣ ጠረግሁ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግሁ፣ ሳይውል ሳያድር ሳንጨምርበት በፊት በነበረው የብየዳ ጊዜ በየድሁት። በፒንሳ ስገሸልጠው አሉሚኒየሙ ራሱ ተቀደደ እንጂ ብየዳው አልለቀቀም። ለአለቃችን ባሳየው "አሴቶን ወጪ ነው" አለኝ። ወጪ! የሚጣለው ባትሪስ?

ሌላው አጭር ነው። ለስላሳውንና ስሱን፣ አሉሚኒየሙን፣ በሆርኑ በኩል አድርጉ። የተበየደውን እርጥበት አታስነኩት፣ መዳብ አጠገብ አሉሚኒየም ቶሎ ይበላል፣ የጎጃምን ክረምት ደግሞ ለናንተ አልነግርም።

ጭብጨባውን አቆዩት። ሁለት ናሙና ይዣለሁ፣ አንዱ የተጠረገ አንዱ ያልተጠረገ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ፒንሳው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ጉልበተኛ ነኝ የሚል ይምጣ።