ሊኑክስን ማን ያስነሳው? የሲስተምዲ ጠብ

[ምስል፦ ደብረ ማርቆስ፣ አንድ የኮምፒውተር ቤት። መብራት መጣ፤ ስክሪኖቹ ላይ ነጫጭ ጽሑፎች ይወርዳሉ።]

መብራት ሄዶ መጣ። እዚህ ጎጃም ብርቅ አይደለም። አሁን ኮምፒውተሮቹ እየተነሱ ነው፤ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን በሚያንቀሳቅሰው ሲስተም። ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ከሁሉ በፊት የሚቀሰቅሰው አንድ ፕሮግራም አለ፤ መለያ ቁጥሩ 1። ኔትወርኩንም፣ ፕሪንተሩንም፣ የመግቢያ ገጹንም የሚያስነሳው እሱ ነው። እሱ ከሞተ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል።

ስንት የሊኑክስ ሰው የተኮራረፈው በዚህ ፕሮግራም ነው።

[ምስል፦ የዘመን መስመር። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር።]

ድሮ ይህን ሥራ የሚሠራው ሲስ-ቪ ኢኒት የሚባል ፕሮግራም ነበር። የትዕዛዝ ፋይሎቹ (ስክሪፕቶቹ) ተራ ይጠብቃሉ፤ አንዱ ካልጨረሰ ሌላው አይጀምርም። 2006 ላይ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት የራሱን ማስነሻ፣ አፕስታርትን፣ አመጣ። በ2010 ሌናርት ፖተሪንግ እና ካይ ሲቨርስ ሲስተምዲን ይዘው መጡ። ብዙ አገልግሎት በአንድ ጊዜ ያስነሳል፤ የወደቀውንም፣ ካዘዝከው፣ መልሶ ያስነሳል። ሌላው የሊኑክስ ዓይነት፣ ፌዶራ፣ በ2011 ተቀበለው።

ፍጥነቱን የጠላ ብዙም አልነበረም። ቅሬታው ሌላ ነው። ማስነሳት ብቻ መስሎ የገባው ፕሮግራም የሲስተሙን መዝገብ፣ የተጠቃሚ መግቢያውን፣ የኔትወርክና የሰዓት ሥራውን ሁሉ ጠቀለለ። ጂኖም የተባለው ዴስክቶፕ (መስኮቶቹንና ሜኑውን የሚያሳየው) ደግሞ የሲስተምዲን የመግቢያ ክፍል ተደገፈ። ሲስተምዲን የማይፈልግ ሰው ዴስክቶፑን ሲፈልግ ምን ያድርግ? የጠቡ እምብርት ለኔ እዚህ ላይ ነው። ምርጫ አለህ ይሉሃል፤ ምርጫው ግን እየጠበበ ነው።

መዝገቡም አለ፤ ሲስተሙ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበት። ድሮ ተራ ጽሑፍ ነበር፤ በማንኛውም አርታኢ ይከፈታል። የሲስተምዲው ባይነሪ ነው፣ ማለትም በዓይን የማይነበብ የኮምፒውተር ኮድ፤ የራሱን ማንበቢያ ይፈልጋል። መብራት በድንገት ድርግም በሚልበት ከተማ፣ ግማሹ ተጽፎ የቀረ ፋይል በዓይን መነበብ መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። (ኤርሲስሎግ የተባለውን መዝገብ ጻፊ ፕሮግራም ጭኖ የጽሑፍ መዝገቡን ጎን ለጎን መያዝ ይቻላል። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።)

[ምስል፦ የዴቢያን አርማ፤ ከሥሩ 4 ለ 4።]

ትልቁ ፍልሚያ ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ውስጥ ሆነ። ፌብሩዋሪ 2014፣ 8 አባላት ያሉት የቴክኒክ ኮሚቴ በሲስተምዲና በአፕስታርት መካከል እኩል ተከፈለ። ሰብሳቢው ብዴል ጋርቢ በድምፁ ለሲስተምዲ ለየው። በቀናት ውስጥ የኡቡንቱው መሥራች ማርክ ሻትልወርዝ የራሱን ቤት አፕስታርት እንደሚተው አስታወቀ። ተሸንፎ እንዲህ ማለት ይከብዳል፤ አክብሬዋለሁ።

ሁሉም ግን እንደሱ አልቻለም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 3 አባላት ከኮሚቴው መልቀቃቸውን አሳወቁ። በእድር እንደሚሆነው፣ ሌሎች የተከፉ ሰዎችም ተለይተው ዴቩዋንን አቋቋሙ፤ ያለ ሲስተምዲ የሚሠራ ዴቢያን ማለት ነው። የመጀመሪያው የተረጋጋ እትም 2017 ደረሰ።

ዴቢያን 2019 ላይ እንደገና ድምፅ ሰጠ። ውጤቱ፦ ዋናው ሲስተምዲ ይሁን፣ አማራጭ የሚሞክሩም ይደገፉ። ከሌሎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች አልፓይን ከመጀመሪያውም አልገባበትም፤ ቮይድ ደግሞ ገብቶበት ወጣ።

የእናንተን ማን እንዳስነሳው ማየት ቀላል ነው። ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቱና የቁጥር 1ን ስም ጠይቁ፤ ትዕዛዙን ስክሪኑ ላይ አስቀምጫለሁ።