ጥቁር በር ስታስገቡ ደጃፉን አትርሱት

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ በያጆች፣ አናጺዎች፣ ቀለም ቀቢዎች፣ ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

የዛሬው ጉዳዬ ጥቁር የቤት በር ነው። ብዙ ሰው እየወደደው መጥቷል፤ እኔም በጣም እወደዋለሁ። የሚያሳዝነኝ ግን አንድ ነገር አለ። ገንዘቡም ሐሳቡም በሩ ላይ ያልቅና ደጃፉ እንደነገሩ ይቀራል። ጥቁር በር ደግሞ ብቻውን አያምርም። ዙሪያው ካልፈካ ቤቱን ያጨልመዋል።

«ጥቁር የሐዘን ነው፤ ደጄ ላይ ምን ያደርግልኛል?» የሚሉ እናቶች አሉ። እባካችሁ አትናቋቸው። በክረምት የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ አስቡት። በጥቁር ድንጋይ ግድግዳ መሃል ጥቁር በር ከቆመ ቤቱ ሰው የሌለበት ይመስላል። እናቶቹ የሚሰማቸው ይኼ ነው፤ እውነትም አላቸው። መፍትሔው ግድግዳው ላይ ነው። የበሩን ዙሪያ ክሬም ወይም ነጣ ያለ ቀለም ቅቡት። ድንጋዩን ከወደዳችሁት ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ይሁን። የዝናብ ፍንጣሪና ጭቃ የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ ቀለማችሁንም ያድንላችኋል። በዓል ሲመጣ ደግሞ ቄጠማው ሲጎዘጎዝ አረንጓዴው ከጥቁሩ በር ሥር እንዴት እንደሚደምቅ ታያላችሁ።

ሁለተኛው ብርሃን ነው። ብዙ ቤቶቻችን ከበሩ ቀጥሎ ጠባብ ኮሪደር አላቸው። ከበሩ አናት ላይ የመስታወት መስኮት አስወጡለት፤ መብራት በጠፋ ቀንም ኮሪደሩ አይጨልምም። የበሩ የውስጥ ገጽም የግድ ጥቁር መሆን የለበትም። ከሳሎኑ ግድግዳ ጋር የሚሄድ ቀለም ይቀባ። የውጭ አምፖል ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን የሚለውን ምረጡ፤ ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን ይሰጣል። የሚከፍተው ሰው የእንግዳውን ፊት እንዲያይ ደግሞ አምፖሉን ከእንግዳው ጀርባ ሳይሆን ከበሩ ጎን ስቀሉት።

አሁን ወደ ደረጃው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ደሴ ተዳፋት ናት፤ ደረጃ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። በሩ ጥቁር ስለሆነ ብለን ደረጃውንም የሚያብረቀርቅ ጥቁር ግራናይት እናለብሰዋለን። ፎቶ ላይ ያምራል። ግን ማታ፣ ዝናብ ዘንቦ፣ አንዲት አሮጊት ከዘራ ይዘው ሲመጡ የደረጃው ጠርዝ አይታያቸውም። ቢያዩትም ያንሸራትታቸዋል። በወሎ ደጅ እናት ከምትወድቅ ግራናይቱ ቢቀር ይሻላል። ሻካራ ድንጋይ ምረጡ፤ የእያንዳንዱን ደረጃ ጠርዝ በነጣ መስመር ለዩት፤ ውኃው ወደ ውጭ እንዲወርድ ትንሽ ዘንበል አድርጉት። በሩ ፊት ያለው ቦታም ይስፋ። እኛ ጋ እንግዳ ብቻውን አይመጣም። ለቅሶም ይሁን መውሊድ፣ ገናም ይሁን ሠርግ፣ ሰው ተያይዞ ነው የሚመጣው። ሦስት አራት ሰው ዝናብ ሳይመታው የሚቆምበት ክዳን ያስፈልጋል።

ጫማውስ? በክረምት ጭቃ ይዘን እየመጣን ማውለቂያውን ረስተነዋል። ከበሩ ጎን የዋንዛ አግዳሚ አስቀምጡ። የዋንዛ መልክ ከጥቁር ጋር እጅግ ይስማማል፤ ሽማግሌም በአንድ እግሩ ቆሞ አይንገዳገድም። ከሥሩ የጫማ መደርደሪያ፣ ከጎኑ የጃንጥላ ማስቀመጫ ይበቃል።

ለኮምቦልቻዎች ለብቻው አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችሁ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ ፀሐዩም ይከብዳል። ጥቁር የፀሐይን ሙቀት ይስባል። በራችሁ ወደ ምዕራብ የሚያይ ላሜራ ከሆነ ከሰዓት በኋላ እጅ ያቃጥላል። ብረት ሲሞቅ ስለሚሰፋም መቃኑ ጋ ክፍተት ካልተተወለት ይጣበቃል። ወይ ጥላ አብጁለት፣ ወይ እንጨት አድርጉት፣ ቢያንስ እጀታው የእንጨት ይሁን።

በያጆች፣ ይኼን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጥቁር ቀለም ጉድለት አይደብቅም። የሚያብረቀርቀው ደግሞ የላሜራውን እብጠትና የብየዳውን ጠባሳ ሁሉ ያወጣዋል። ዝገቱ በደንብ ተፍቆ የዝገት መከላከያው ቀለም፣ አንቲረስት፣ ሳይቀባ ጥቁሩ አይነካ። ባለቤቱ ቢያስቸኩላችሁም እምቢ በሉ። እኔ የማያብረቀርቀውን እመርጣለሁ፤ አቧራው ግን ስለሚታይ ቶሎ ቶሎ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል አለበት።

ከመክፈላችሁ በፊት ይኼን አድርጉልኝ። ቁራጭ ላሜራ በመረጣችሁት ጥቁር አስቀቡና በሩ በሚተከልበት ቦታ አቁሙት። ጠዋት እዩት፣ ቀትር ላይ እዩት፣ ማታ አምፖል አብርታችሁ እዩት። ቤት ውስጥ ያሉትን ትልልቅ ሰዎችም ጠርታችሁ አሳዩዋቸው። የደጃፋችሁን ፎቶ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ አሁን አብረን እንየው።

አመሰግናለሁ።